ያለ ቢላ የሚድን ዳሌ



በሩ ላይ ቆሜ ስትገቡ እያየሁ ነበር። በፈላና በር በኩል ከውጭ የመጣችሁም፣ ከሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የመጣችሁም አላችሁ። ሦስት እናቶች ልጅ አዝለው ገብተዋል። አንደኛዋ እዚህ ፊት ለፊቴ ናት፤ ልጇ ተኝቷል፣ ከንግግሬ በፊት መተኛቱ ጥሩ ምልክት አይደለም እንጂ! እግሮቹን እዩልኝ። በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ተንፈራጠዋል፤ ጉልበቶቹ ታጥፈው ወደ ላይ ከፍ ብለዋል። ይህን አቀማመጥ በዓይናችሁ ያዙልኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ልጅ እግር ይመለሳል።

ርዕሴ ሐኪሞች ሂፕ ዲስፕላዥያ የሚሉት የሕፃናት የዳሌ ችግር ነው። እዚህ ከተማ ቡና ያልወቀጠ ሰው ስለሌለ በሙቀጫ ላስረዳ። ዳሌያችን ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ራሱ ክብ ነው፤ ዘነዘናው እሱ ነው። ሙቀጫው ደግሞ ዳሌው ላይ ያለው ጉድጓድ ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእንጨቱን ሙቀጫ ጠራቢ አጎድጉዶ ያስረክባችኋል። የሕፃኑን ግን ጨርሶ የሚያስረክብ የለም። ሕፃን ሲወለድ ጉድጓዱ ገና ለስላሳ ነው፤ እንደ ጆሮ አጥንት ይተጣጠፋል። ቅርጹን የሚያወጣለት ዘነዘናው ራሱ ነው። ክቡ ራስ መሃሉ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲራገጥ እየተሽከረከረ፣ ቀን በቀን ጉድጓዱን ያጎለብተዋል። ዘነዘናው ከቦታው ሸሽቶ ዳር ላይ ከተቀመጠ ግን ጉድጓዱ ሠሪ አጣ ማለት ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፣ ውስጡንም ስብና ሥጋ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ መልሱት ቢባል እንኳ የሚገባበት ቦታ የለም።

ሕመሙ ደረጃ አለው። አንዳንዱ ልጅ ጉድጓዱ ጥልቀት ብቻ ያንሰዋል። የአንዳንዱ ሲገፉት ይንሸራተታል። የአንዳንዱ ጨርሶ ወጥቷል። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው፣ እኔንም ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ፦ አያምም። ልጁ አያለቅስም፣ ጡት ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይወፍራል። ያላለቀሰ ልጅ ደግሞ ማን ይመረምረዋል?

በሴቶች ልጆች ላይ ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ይበዛል። የበኩር ልጅ፣ በመቀመጫው የመጣ ልጅ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ነገር የነበረበት ልጅ ይበልጥ ይጠረጠራል። ከቀኙ ይልቅ ግራው ያጠቃል፤ በማሕፀን ውስጥ አብዛኛው ልጅ ግራ ዳሌው ወደ እናቱ አከርካሪ ተጠግቶ ስለሚተኛ መንቀሳቀሻ ያጣል ይባላል።

አሁን ስለ ራሴ ስህተት ልንገራችሁ። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፊዚዮቴራፒ ከመማሬ በፊት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት የምሰጥ ወጣት ነርስ ነበርኩ፤ ቦታውን አልጠራም። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ለ45 ቀን ክትባት ይዘው መጡ። እናቲቱ ገበያ ነበረች። መርፌውን ወግቼ ልጨርስ ስል፣ «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ግራ እግሯ አይከፈትም። ሳጥባት እንቢ ይለኛል» አሉኝ። ወረፋው በር ድረስ ነበር። እግሯን ከፍቼ እንኳ አላየሁም። «እማማ፣ ሲያድግ ይላላል» ብዬ ካርዱን ሰጠኋቸው።

ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ በፊዚዮቴራፒ ክፍል መተላለፊያ ላይ አንዲት ልጅ ስትሄድ አየሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ወገቧ ወደ ግራ ይሰበራል። ቆንጆ ልጅ ናት፤ ቀይ ከረሜላ ይዛለች። እኔ አላወቅኋቸውም፤ አያቷ ግን አወቁኝ። «አንተ አይደለህም እንዴ ይላላል ያልከኝ?» አሉኝ። አልሰደቡኝም፣ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ አዲስ አበባ ተልካ ዳሌዋ ተከፍቶ፣ የጭን አጥንቷ ተቆርጦ ተስተካክሏል፤ ወራትም በጀሶ ውስጥ ቆይታለች። ዛሬ ትሄዳለች፤ ሲደክማት ታነክሳለች።

አያቲቱ የነገሩኝ ነገር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በጣሊያን አገር፣ በፌራራ ከተማ፣ ማሪኖ ኦርቶላኒ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ነበረ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣችና፣ ሳጥበው እግሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማኛል አለችው። ኦርቶላኒ ወረፋ አልቆጠረም። የልጁን እግር ያዘ፣ አጠፈ፣ ከፈተ፤ ቀጭታው በእጁ ተሰማው። ከጉድጓዱ የወጣው ራስ ተመልሶ ሲገባ ነው ያ ድምፅ። በ1937 ጻፈው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ አዋላጅና የሕፃናት ሐኪም ሁሉ የሚማረው ምርመራ በእሱ ስም ይጠራል። በእኔ ሚዛን ግን ግማሹ ስም የእናቲቱ መሆን ነበረበት። ኦርቶላኒንና እኔን የለየን ትምህርት አይደለም፤ እሱ ልጅ የሚያጥብ እጅ የነገረውን ሰማ፣ እኔ አልሰማሁም።

እንግዲህ ከተገኘ ምን ይደረጋል? ያለ ቢላ የሚለው ነገር ምን ያህል ያዋጣል?

ያለ ደም ማዳን ዝናው የገነነው በአንድ ሐኪም የቆዳ ሕመም ምክንያት ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? አዶልፍ ሎሬንዝ የቪየና ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን የቀዶ ሕክምና መሣሪያና እጅ የሚጸዳው በካርቦሊክ አሲድ ነበር፤ አሲዱ ደግሞ የሎሬንዝን እጅ እየላጠ አስቸገረው። ቢላውን መተው ግድ ሆነበት። እሱም «ደረቅ ሕክምና» ብሎ በእጁ ብቻ፣ ልጁን አደንዝዞ፣ የወጣውን ዳሌ እየመለሰ በጀሶ ማሰር ጀመረ። ዝናው ባሕር ተሻገረ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. አርመር የተባለው የቺካጎ የሥጋ ቱጃር ሴት ልጁን እንዲያክምለት አሜሪካ ድረስ አስጠራው። ጋዜጦቹም «ደም የማያፈስ ሐኪም» እያሉ ጻፉለት።

ይሁንና ሎሬንዝ እግሮቹን የሚያስረው እንደ እንቁራሪት፣ እስከ መጨረሻው በርግዶ ነበር። ዳሌው ይገባል፤ ግን ያን ያህል ሲበረገድ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው የደም ሥር ይታነቃል። ብዙ ልጆች ዳሌያቸው ከገባ በኋላ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሞተ፤ ተሰባብሮ ቅርጹ ጠፋ። ይህንን እዚህ ላይ የማነሳው በኋላ ወንበር ለተቀመጣችሁ ወጌሾቻችን ብዬ ነው፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ የሚያነክስ ሕፃን የመጣላችሁ እንደሆነ ነገሩ የለመዳችሁት ውልቃት አይደለም። በጉልበት የተከፈተ ዳሌ ለጊዜው የዳነ ይመስላል፤ ጉዳቱ ከወራት በኋላ ነው የሚታየው። ዓለም ያደነቀው ሎሬንዝ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

ነገሩን የለወጠው አርኖልድ ፓቭሊክ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ሐኪም ነው። የፓቭሊክ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ለምን እናስራለን? ልጁ ራሱ እየተራገጠ አይመልሰውም ወይ? በቆዳ ጠፍር አንድ ነገር ሠራ። ደረት ላይ የሚታሰር መቀነት አለው፤ በትከሻ ላይ ሁለት ማንገቻ፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እግሮቹን የሚይዝ እርካብ። አዎ፣ እርካብ! በጀርመንኛ የወጣለትም ስም የጠፍር እርካብ ማለት ነው። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ የነበረበትን ዘመን የሰሙ ሽማግሌዎች እዚህ ካሉ ከእኔ የተሻለ ይገባቸዋል። እርካቡ ጉልበትና ዳሌን አጥፎ ወደ ላይ ይይዛል፤ ወደ ጎን ግን ማንም አይገፋቸውም፣ እግሮቹ በራሳቸው ክብደት ቀስ ብለው ይከፈታሉ። ልጁ ይራገጣል፤ እግሮቹን መዘርጋትና ማጋጠም ብቻ ነው የተከለከለው። ፓቭሊክ ይህን ይዞ በ1946 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ በባልደረቦቹ ፊት ሲያቀርብ ያገኘው ጭብጨባ አልነበረም። ዛሬ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የመጀመሪያው ሕክምና በብዙ አገሮች እሱ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ። ዳሌው ጥልቀት ብቻ ያነሰው ወይም የሚንሸራተት ከሆነና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ፣ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ገደማ ይሳካል። ጨርሶ የወጣ ዳሌ ሲሆን ውጤቱ ይወርዳል፤ እንደ ሆስፒታሉና እንደ ልጁ ዕድሜ ቢለያይም ከ10 ሕፃናት ከ6 እስከ 8 ያህሉ ይመለስላቸዋል። እርካቡን ልጁ ሌት ተቀን ያደርገዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይታያል፣ ልጅ ያድጋላ! ጠፍሩ እኩል መላላት አለበት። ከመጠን በላይ ከታጠፈ የጭን ነርቭ ይጫናል፤ ልጁ ጉልበቱን መዘርጋት ያቅተዋል፣ ይህ ሲታይ ወዲያው ይላላል። ደግሞም በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ዳሌው ካልገባ እርካቡ መውለቅ አለበት። ትንሽ እንጠብቅ ማለት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ዳር ላይ የተቀመጠ ራስ የሙቀጫውን ከንፈር እየፋቀ ይጎዳዋል።

እርካቡ ያልያዘለት፣ ወይም ከ6 ወር በኋላ የተገኘ ልጅ ሌላ መንገድ አለው፤ ይህም ያለ ቢላ ነው። ልጁ ይደነዝዛል፣ ሐኪሙ በእጁ ቀስ ብሎ ዳሌውን ይመልሳል፣ ከደረት እስከ ቁርጭምጭሚት በጀሶ ይታሰራል፤ 3 ወር ያህል፣ መሃል ላይ ጀሶው እየተለወጠ። የሎሬንዝ እንቁራሪት ቀርቷል፤ ዛሬ እግሮቹ ታጥፈው በመጠኑ ብቻ ነው የሚከፈቱት። እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ በዚህ መንገድ የሚድኑ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጉድጓዱ ጠቦ ጠፍጥፎ ይቆያል፤ ቢላ የማይቀር እየሆነ ይሄዳል። ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እግሩ በጀሶ ተከፍቶ የታሰረ ልጅ በአውቶቡስ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቡት። አይቀመጥም። እናቱ የሁለት ሰው ቲኬት ከፍላ፣ አግድም ታቅፋው ትሄዳለች። እኔ ጠፍር ከቢላ ይሻላል ስል የማስበው ሌላ ነገር አይደለም፣ ያንን መንገድ ነው።

አንድ ማረሚያ ግን አለብኝ፣ አለዚያ ነገ ጠዋት ሁሉም ልጅ እርካብ ይሰፋለት ትሉኛላችሁ። ቶማስ ባርሎ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1962 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሲወለዱ ዳሌያቸው የሚንሸራተት ሕፃናት ከግማሽ በላዩ፣ 60 በመቶው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ይጸናላቸዋል። በ2 ወር 88 በመቶው። «ሲያድግ ይላላል» ያልኩት ነገር ታዲያ ውሸት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ጥፋቴ እግሯን ከፍቼ ሳላይ፣ ተመለሱ ሳልል፣ ቀን ሳልቆርጥ መናገሬ ነው። ያን ጊዜ ደግሜ ባያት ኖሮ ልጅቷ ከቀሩት 12 በመቶዎቹ አንዷ መሆኗን በ10ኛው ሳምንት አውቀው ነበር።

ወደተኛው ልጅ እንመለስ። አላነቃሁትም አይደል?

እግሩ እንዲህ ታጥፎ መከፈቱ ምን እንደሚጠቅም ከጃፓን እንማር። ጃፓኖች ሕፃን ሲወለድ እግሩን ቀጥ አድርገው በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። የዳሌ መውለቅ በአገራቸው ከ100 ሕፃናት ከ1 በላዩን ያገኝ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ገደማ የኪዮቶ ሐኪሞች የመሩት አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ፤ አያቶችንና አዋላጆችን «እግሩን አትዘርጉት» እያሉ ማስተማር ነው ዘመቻው። ቁጥሩ ከ1000 ሕፃናት ወደ 2 ወረደ፣ ከዚያም በታች። መድኃኒት የለም፣ መሣሪያ የለም፤ ጨርቁን ማላላት ብቻ።

በሌላ በኩል ማላዊ አለች። በብላንታየር ባለ የሕፃናት አጥንት ሆስፒታል ከ2002 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ከ40 ሺህ በላይ ልጆች ታክመዋል፤ አንድም የዳሌ ዲስፕላዥያ አልተመዘገበም። ጸሐፊዎቹ ምስጋናውን ለእናት ጀርባ ሰጡ። እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ፤ ዘርም ድርሻ ይኖረዋል፣ ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም። ቢሆንም ከአንቀልባ ጋር ያለው ዝምድና ፓቭሊክን ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ቆዳ፣ ማንገቻ፣ ታጥፎ የተከፈተ እግር። አያቶቻችን በዛጎል አስጊጠው የሚያዝሉበት ነገር ፕራግ ላይ ከታየው እርካብ ቅርጹ አይርቅም።

ታዲያ በአንቀልባ አገር እንዴት ዳሌው የወጣ ልጅ ይገኛል? መልሱ ያለው ከመታዘሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። አንገቱ እስኪጸና ልጅ አይታዘልም። እስከዚያ ምን እናደርገዋለን? እናቴ ታናሽ እህቴን ስትወልድ አይቻለሁ። አክስቴ በቅቤ አሽታ፣ ሁለቱን እግሮች ቁርጭምጭሚት ላይ ይዛ ትስባቸዋለች፣ «ወልጋዳ እንዳትሆን» እያለች። ከዚያ በነጠላ ከትከሻ እስከ ጣት ትጠቀልላታለች፤ ጠቅልላም በመቀነት ሸብ ታደርጋታለች። እህቴ እንደ ሻማ ቀጥ ብላ ትተኛለች። ዳሌው ገና ለስላሳ በሆነበት፣ ዘነዘናው መሃሉን በሚፈልግበት በዚያው ወር ነው እግሩን የምንዘረጋው። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እጅና ደረቱን ጠቅልሉት፣ ብርድም አይግባው፤ ከወገብ በታች ግን እንደ ከረጢት ሰፋ ይበል፣ ልጁ ጉልበቱን ወደ ሆዱ መሰብሰብ ይቻለው። በአፎቻ ስትገናኙ፣ በዕድር ስትቀመጡ፣ አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ከገንፎው ጋር ይህን አድርሱልኝ። ሐኪም ቢነግራቸው የማይሰሙ አክስቶች የአፎቻ ጓደኛቸውን ይሰማሉ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ባልደረቦቼ ደግሞ፦ አዲስ ቀጠሮ አያስፈልገንም። በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት እናቶች ለክትባት ይመጣሉ። መርፌው የሚወጋው የት ነው? ጭን ላይ! ልጁ ተራቁቶ፣ ጭኑ በእጃችሁ ውስጥ ነው። እግሩን አጥፎ ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ ጥጡን ከማንሳት አይበልጥም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀጭታው ሊሰማችሁ ይችላል። በመጨረሻው ግን ጅማቱ እየጠነከረ ቀጭታው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ የአያቲቱ ቃል ነው፣ አንዱ እግር አይከፈትም። በጀርባው አስተኝታችሁ ጉልበቶቹን አጥፋችሁ ብታዩም አንዱ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ወገን የወጣ ከሆነ ግን እኩል ስለሚሆኑ ዓይን ያታልላሉ፤ ሁለቱም በደንብ አለመከፈታቸውን ተመልከቱ። ከተጠራጠራችሁ እስከ 4 ወር ያለውን ልጅ ለአልትራሳውንድ ላኩ፤ አጥንቱ ገና ስላልጠነከረ በራጅ በደንብ አይታይም። ከዚያ በኋላ ራጅ ይበቃል። የዳነውም ልጅ ቢሆን አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው በራጅ ይታይ፤ ገባ የተባለ ዳሌ ጥልቀቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ማኪና ግርግር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብዬ የእርካቡን ሥዕል አሳየሁት። ሲንጀሩን አቁሞ ገልብጦ አየው። «ይሄማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠፍር፣ ጨርቅ፣ መቆለፊያ ነው። የሚያዳግተው መስፋቱ አይደለም። ስንት ጣት ይጥበቅ፣ ስንት ጣት ይላላ የሚለው ነው፤ እሱን የሠለጠነ ሰው እንጂ እናት ቤቷ አታስተካክለውም። ናሙናውን ሰፍቶልኝ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ፣ ለመለማመጃ አብሬ ባመጣሁት አሻንጉሊት ላይ ታያላችሁ።

አሁን የኦርቶላኒን ምርመራ እንሞክር። የአሻንጉሊቱ ግራ ዳሌ ሆን ተብሎ የላላ ነው። አንድ እጃችሁ ዳሌውን ያጽና። በሌላው አውራ ጣታችሁን ከጭኑ ውስጥ በኩል፣ ሌሎቹን ጣቶች ከውጭ በኩል አድርጉ፤ ጉልበቱን አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ክፈቱ። በጉልበት አይደለም፣ እንቁላል እንደያዘ እጅ። እትዬ፣ እርስዎ ከፊት የተቀመጡት፣ ልጁን አጠገብዎ ላሉት ይስጡና ይምጡ፤ እርስዎ ይጀምሩልን።